መኪናዎን በትሬለር ሲያስጭኑ፦ የደወለልዎት ሰው ማን ነው?

ከቨርጂኒያ ወደ ሲያትል ለሥራ የሚዛወር ሰው የቤት ዕቃውን ይሸጣል፣ ልብሱን በሻንጣ ይከታል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል። መኪናው ግን በር ላይ ቆማ ትቀራለች። መንገዱ ከ2,700 ማይል በላይ ነው። ነድቶ ለመሄድ አራት አምስት ቀን፣ ቤንዚን፣ የሆቴል አዳር፣ በብርዱ ወራት ደግሞ የሞንታናን በረዶ ማለፍ ይጠይቃል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይህን አይደፍረውም። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ስሙን፣ ስልኩንና የመኪናውን ዓይነት ይሞላል። ደቂቃ ሳይቆይ ስልኩ መጮህ ይጀምራል፤ ማታም አያቆምም። ለአንድ መኪና፣ ለአንድ መንገድ፣ እንበል አንዱ 950 ዶላር ይላል፣ ሌላው 1,300፣ ሦስተኛው 1,700። ሰውየው ርካሹን ይመርጣል። ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ውስጥ ከስቴት ወደ ስቴት መኪና ስለማስጫን ነው። ወደ ኢትዮጵያ መላክ በመርከብና በጅቡቲ በኩል የሚሄድ፣ ቀረጥና ፈቃድ ያለበት ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ከ2024 (እ.ኤ.አ.፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው) መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሏል።

የደወለልዎት ሰው የትሬለሩ ባለቤት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ያነጋገሩት ደላላ ነው። የአሜሪካ ሕግ ሁለቱን በግልጽ ይለያቸዋል፦ አጓጓዥ የሚባለው ትሬለርና ሹፌር ያለው፣ መኪናዎን በእጁ ተረክቦ የሚያደርስ ነው፤ ደላላ ግን ትሬለር የለውም፣ መኪናዎንም አያያትም። ሥራው እርስዎንና አጓጓዡን ማገናኘት፣ ለዚያም ኮሚሽን መውሰድ ነው።

ደላላ መሆን ነውር አይደለም። በመላ አገሪቱ ከሚዞሩት ትሬለሮች ብዙዎቹ የአንድ ወይም የጥቂት ሰዎች ንብረት ናቸው፤ እያንዳንዱ ሹፌር ስልክ እየመለሰ ደንበኛ ሊፈልግ አይችልም። ደላላው የእርስዎን መኪና፣ መነሻና መድረሻውን፣ የሚከፍለውንም ዋጋ «ሎድ ቦርድ» በሚባል የኢንተርኔት ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ሹፌሮችና ዲስፓቸሮቻቸው (ጭነት የሚፈልጉላቸው ሰዎች) ያንን ሰሌዳ ቀኑን ሙሉ ያያሉ፤ መንገዳቸው ላይ ያለውን፣ ዋጋው ያዋጣቸውን ያነሳሉ፣ ያላዋጣቸውን ይተዋሉ።

የአገር ቤት መናኸሪያን ያስታውሱ። «አዋሳ! አዋሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ የሚጣራው ልጅ መኪናውን አይነዳም፣ የመኪናው ባለቤትም አይደለም። ተሳፋሪ ያመጣል፣ ድርሻውን ይቀበላል፣ ወደሚቀጥለው መኪና ይሄዳል። መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው። መኪና ማስጫንም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚጣራው ሰው በጥሩ እንግሊዝኛ፣ በድርጅት ስም፣ «የእኛ ትሬለር» እያለ ማውራቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ደላላ ነህ ወይስ አጓጓዥ?» ይሁን። በቀጥታ የማይመልስልዎትን ሰው ስልክ መዝጋት ይችላሉ።

ዋጋው ለምን ይህን ያህል ይራራቃል?

ደላላው በስልክ የነገረዎት ዋጋ ግምት ስለሆነ ነው። እውነተኛውን ዋጋ የሚወስነው ሰሌዳው ላይ አይቶ «እሺ፣ እጭናለሁ» የሚለው ሹፌር ነው።

በቁጥር እንየው። ደላላው 950 ዶላር አለዎት እንበል። ከዚያ ውስጥ 200ው የእሱ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው 750 ይሆናል። በዚያው ሳምንት በዚያው መንገድ ሌሎች 1,100 የሚከፍሉ መኪኖችን ለጥፈዋል። ሹፌሩ የቱን ያነሳል? የእርስዎ መኪና ሰሌዳው ላይ ትከርማለች። ቤቱን ሊለቁ ሁለት ቀን ሲቀርዎት ደላላው ይደውልና «ሹፌር ጠፋ፣ 350 ዶላር ቢጨምሩ ነገ ይነሳል» ይላል። በዚያ ሰዓት የቤት ቁልፍ ሊያስረክቡ፣ አውሮፕላን ሊሳፈሩ ነው። ይጨምራሉ። መጀመሪያውኑ 1,300 ያለዎት ሰው እውነቱን ነበር የነገረዎት።

ከዚህ ለመዳን «ከዚህ ዋጋ ለሹፌሩ የሚደርሰው ስንት ነው? ሹፌር ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከተለወጠ ውሉን በነፃ መተው እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ፣ በኢሜይል ይቀበሉ። ከሁሉም በጣም የራቀውን ርካሽ ዋጋ እንደ ዕድል ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ይቁጠሩት።

ከደላላው ሌላ ዋጋውን የሚያንቀሳቅሱ ነገሮችም አሉ። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ጠቅላላው ይጨምራል፣ የአንዱ ማይል ዋጋ ግን ይቀንሳል። ከትልቅ ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ ርካሽ ነው፤ ከዋናው አውራ ጎዳና ሁለት ሰዓት ገባ ወዳለች ትንሽ ከተማ ውድ ነው፤ ሹፌሩ ለአንድ መኪና ብሎ መታጠፍ ስላለበት። ፒክአፕና ትልልቅ ኤስዩቪ ቦታና ክብደት ስለሚወስዱ ይጨመርባቸዋል። ኤሌክትሪክ መኪናም በባትሪው ምክንያት ከመሰሎቹ ስለሚከብድ ሞዴሉን በትክክል ይንገሩ። የማትነሳ መኪና በዊንች ተጎትታ ስለምትወጣ ሌላ ሒሳብ አላት፤ ደብቀው ሹፌሩ ደጅ ከደረሰ በኋላ ማሳወቅ ጥል ያመጣል።

ወቅትም አለ። ከሰሜኑ ብርድ የሚሸሹ ጡረተኞች በመጸው ወደ ፍሎሪዳና አሪዞና ይወርዳሉ፣ በጸደይ ይመለሳሉ፤ መኪናቸውንም ያስጭናሉ። በእነሱ አቅጣጫ የሚሄድ ዋጋው ይወደድበታል። በተቃራኒው የሚሄድ ግን ባዶውን መመለስ የማይፈልግ ሹፌር ያገኛል።

«ማክሰኞ ይነሳል» ብለውኝ ለምን ሐሙስ ሆነ?

መኪና ጫኝ ትሬለርም እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሞልቶ ነው የሚሄደው። ባለ ሁለት ፎቁ ትልቁ ትሬለር ከሰባት እስከ አሥር መኪና ይይዛል። ሹፌሩ ከባልቲሞር ሁለት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ፣ ከሪችመንድ ሦስት እያለ ይሞላል። አንዱ ቁልፍ ቢጠፋበት ወይም አንዱ ቢያረፍድ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይዘገያሉ።

ሹፌሩ ልፋ ቢባል እንኳ ሕግ ይይዘዋል። የከባድ መኪና ሹፌር ከተከታታይ የ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ፣ በ14 ሰዓት የሥራ ጊዜ ውስጥ፣ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ይህን ሰዓት በአብዛኞቹ ከባድ መኪኖች ላይ የሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። በመካከላችን ትራክ የሚነዳ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ያለው ብዙ ነው፤ እሱን ቢጠይቁት ሰዓቱ እንዴት እንደሚያጣድፈው ይነግርዎታል።

ስለዚህ ቁርጥ ቀን ሳይሆን «ከሰኞ እስከ ሐሙስ» የሚል የቀናት ክልል ይጠብቁ፣ የአውሮፕላን ትኬትዎንም በዚያ ልክ ይቁረጡ። ከምሥራቅ ዳርቻ እስከ ምዕራብ ዳርቻ ከተጫነ በኋላ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ያለ መኪና ሥራ መግባት የማይችል ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

«ከበር እስከ በር» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ትሬለሩ እስከ 80 ጫማ፣ ማለትም 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ቁመቱም ከ4 ሜትር ያልፋል። ዛፍ በተንጠለጠለበት ጠባብ የሰፈር መንገድ ወይም በአፓርትመንት ግቢ ውስጥ ሊዞር አይችልም። ቃሉ «ትሬለሩ በሰላም ሊቆም የሚችልበት፣ ለበርዎ የቀረበ ቦታ» ማለት ነው። ሹፌሩ ትልቅ የገበያ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይ እንገናኝ ቢልዎት አያታለለዎትም።

አስመሳይ አለመሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

ከስቴት ወደ ስቴት የሚሠሩ ደላሎችንና አጓጓዦችን የሚመዘግበው በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለው ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ (FMCSA) ነው። ድርጅቱን ዲኦቲ ቁጥሩን (የተመዘገበበትን መለያ ቁጥር) ይጠይቁትና በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይፈልጉት። ሦስት ነገር ይዩ፦ ፈቃዱ የደላላ ነው ወይስ የአጓጓዥ፣ ፈቃዱ ዛሬ በሥራ ላይ ነው ወይስ ታግዷል፣ እዚያ የተጻፈው ስልክና አድራሻ እርስዎን ካነጋገረዎት ሰው ጋር አንድ ነው ወይ። የመጨረሻው የሚዘለል አይደለም። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ድርጅት ስምና ቁጥር ወስደው የራሳቸውን ስልክ ያስቀምጣሉ። ጥርጣሬ ካለዎት በተነገረዎት ስልክ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ባለው ይደውሉ።

ደላላው «75,000 ዶላር ዋስትና አለን» ሊልዎት ይችላል። እውነት ነው፤ ከ2013 ጀምሮ እያንዳንዱ ደላላ ይህን ማስያዝ ግዴታው ነው። ግን የመኪናዎ ኢንሹራንስ አይደለም። ደላላው ውሉን ቢያፈርስ ወይም የሹፌሮችን ገንዘብ ቢበላ ተጎጂዎች ሁሉ የሚካፈሉት ገንዘብ ነው።

አጓጓዡም «750,000 ዶላር ኢንሹራንስ አለኝ» ይላል። ያ ትሬለሩ መንገድ ላይ በሌሎች ሰዎችና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው አደጋ ነው። በላዩ ላይ የተጫነችው የእርስዎ መኪና በዚያ ውስጥ የለችም። እሷን የሚሸፍነው «ካርጎ ኢንሹራንስ» የሚባለው ሲሆን፣ የፌዴራሉ መንግሥት ከ2011 ጀምሮ ይህንን ከአብዛኞቹ አጓጓዦች እንደ ግዴታ አይጠይቅም፤ ግዴታው የቀረው በዋናነት የቤት ዕቃ በሚያጓጉዙት ላይ ነው። ስለዚህ ሹፌር ተመድቦልዎታል ሲባሉ የአጓጓዡን ስም፣ ዲኦቲ ቁጥርና የካርጎ ኢንሹራንስ ወረቀት ይላኩልኝ ይበሉ። ለአንድ መኪና እስከ ስንት እንደሚከፍል ይመልከቱ። ወረቀቱ ላይ ወዳለው የኢንሹራንስ ድርጅት ደውሎ ማረጋገጥም ይቻላል፤ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው።

ስለ ክፍያ፦ የተለመደው አሠራር ሹፌር ከተመደበ በኋላ ለደላላው ቀብድ በክሬዲት ካርድ መክፈል፣ ቀሪውን ደግሞ መኪናው ሲደርስ ለሹፌሩ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ቼክ መስጠት ነው። ሹፌሩ ምን ዓይነት ክፍያ እንደሚቀበል አስቀድመው ይወቁ፤ ባንክ በተዘጋበት እሑድ ሊደርስ ይችላል። ሙሉውን ገንዘብ ከመጫኑ በፊት በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ወይም በሐዋላ ላክ የሚልን ሰው ይሽሹ። በካርድ የተከፈለን ገንዘብ በባንክዎ በኩል ተቃውመው ለማስመለስ መጠየቅ ይችላሉ፤ በዜል የሄደውን ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

ክፍት ትሬለር ወይስ ሽፍን?

ለአብዛኛው ሰው ክፍቱ ይበቃል፤ አዲስ መኪኖችም ከፋብሪካ ወደ መሸጫ የሚሄዱት በዚያው ነው። አቧራና ዝናብ ያገኛታል፣ አልፎ አልፎ ጠጠር። ሽፍኑ በጣም ውድ ወይም ጥንታዊ ለሆነ መኪና ነው፤ ዋጋውም በብዙ ይበልጣል።

መኪናዬን እንዴት ላዘጋጅ?

መጀመሪያ ይጠቧት። ቆሻሻ ጭረትን ይደብቃል፤ ያልታየ ጭረት ደግሞ በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ካጠቧት በኋላ በቀን ብርሃን በአራቱም በኩል፣ ጣሪያውን፣ ፓራውልቶቹን ከነታችኛው ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱን፣ ቸርኬዎቹን፣ ስፖኪዮዎቹን ፎቶ ያንሱ። የኪሎ ሜትር ወይም የማይል ቆጣሪውንም ጭምር።

ቤንዚኑ ሩብ ታንክ ይሁን። ትሬለሩ ከነጭነቱ በአውራ ጎዳና ላይ ከ80,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ ሕግ ስላለ እያንዳንዱ ክብደት ይቆጠራል፤ ታንኩ ባዶ ከሆነ ደግሞ መኪናዋን ማውጣትና ማውረድ አይቻልም። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግማሽ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። የሚያንጠባጥብ ዘይት ካለ ያሠሩት ወይም ይንገሩ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ከተጫነች ዘይቱ የሚያርፈው በሌላ ሰው መኪና ላይ ነው። የጎማ ንፋስና ባትሪ ይታዩ። ፖርቶ መጋላው የሚነቀል ከሆነ ይነቀል። ማንቂያ ደወሉ ይጥፋ፤ በሌሊት ዋዮሚንግ ላይ ቢጮህ ሹፌሩ ሽቦ ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ ላይኖረው ይችላል።

ኢዚ ፓሱን ከመስታወቱ ላይ ያንሱ። ትሬለሩ በክፍያ መንገዶች ሲያልፍ የእርስዎም መሣሪያ አብሮ ሊነበብና ከሒሳብዎ ሊቆረጥ ይችላል።

መኪናዋን በዕቃ አይሙሏት። ሰው «ባዶዋን ከምትሄድ» ብሎ ምጣዱን፣ የቡና ሲኒውን፣ የበርበሬና የሽሮ ፌስታሉን፣ የልጆቹን ልብስ ይጭናል። የካርጎ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው መኪናዋን እንጂ በውስጧ ያለውን አይደለም። ሚዛን ጣቢያ ላይ ትሬለሩ ከልክ በላይ ከሆነም የሚቀጣው ሹፌሩ ነው። ፓስፖርት፣ የግሪን ካርድ ወረቀት፣ የመኪናዋ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) በምንም ምክንያት በውስጧ አይቅሩ፤ አብረዎት በአውሮፕላን ይሂዱ። ለሹፌሩ አንድ ቁልፍ ይስጡ፣ ሁለተኛውን ይያዙ።

ሹፌሩ የሚያስፈርመኝ ወረቀት ምንድን ነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህንን ያንብቡ። ወረቀቱ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ይባላል። እርስዎንና የትሬለሩን ባለቤት በቀጥታ የሚያገናኘው ሰነድ ይህ ነው፤ ደላላው በስልክ የነገረዎት ሁሉ እዚህ ላይ ከሌለ አጓጓዡን አይዘውም። ወረቀቱ ውል ነው፣ ደረሰኝ ነው፣ የመኪናዋም የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ሲጫን ሹፌሩ መኪናዋን እየዞረ ያያል፣ በመኪና ሥዕል ላይ ጭረቱንና ስርጉዱን ምልክት ያደርጋል፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ሲደርስ ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ እንደገና ትዞራላችሁ። በመነሻው ያልነበረ፣ በመድረሻው ያለ ነገር ካለ መንገድ ላይ የደረሰ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚቆመው በዚህች ንጽጽር ላይ ነው።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ የምንጎዳው ሕግ ባለማወቅ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ራሴ ላይ ደርሷል። መኪናዬ የደረሰችው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዝናብ ነው። ሹፌሩ ትሑት ሰው ነበር፤ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፣ ገና የሚያራግፋቸው ሁለት መኪኖች አሉበት። እሱን በዝናብ አቁሜ በስልክ መብራት መኪናዬን መፈተሽ እሱን ሌባ ማለት መሰለኝ። «ደህና ናት» ብዬ ፈረምኩ። ጠዋት የፊት ፓራውልቱ ታችኛው ክፍል ተሰንጥቆ፣ ከጎኑም ቀለሙ ተልጦ አገኘሁት። አቤቱታ ሳቀርብ የአጓጓዡ ኢንሹራንስ የላከልኝ የራሴን ፊርማ ነው። አልከፈሉኝም።

ሹፌሩ በፍተሻ አይቀየምም። እንዲያውም ደህናው ሹፌር ፍተሻውን ይፈልገዋል፤ እሱንም ከሐሰት ክስ ያድነዋልና። ጨለማ ከሆነ መብራት ያብሩ፣ ዝናብ ከሆነ በጨርቅ እየጠረጉ ይዩ። የተገኘውን ጉዳት ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱ። በደንብ ማየት ካልተቻለ «በጨለማና በዝናብ ምክንያት ሙሉ ፍተሻ አልተደረገም» ብለው ከፊርማዎ በላይ ይጻፉበት። የወረቀቱ ቅጂ እጅዎ ሳይገባ ሹፌሩ አይሂድ።

እርስዎ ቀድመው ከሄዱና ቁልፉን ለጓደኛ ከተዉ፣ ያ ጓደኛ በእርስዎ ምትክ የሚፈርም ወኪል ነው። «ሲመጣ ስጠው» ብቻ ማለት አይበቃም። ምን ማየት፣ ምን ፎቶ ማንሳት እንዳለበት ይንገሩት፤ የወረቀቱን ፎቶም በዚያው ሰዓት ይላክልዎት።

ጉዳት ቢደርስ ማንን ልጠይቅ?

አጓጓዡን። ከ1906 ጀምሮ ያለው፣ ካርማክ በሚባለው ስም የሚታወቀው የፌዴራል ሕግ፣ ከስቴት ወደ ስቴት የሚያጓጉዝ ሰው በእጁ እያለ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። እርስዎ የሚያስረዱት ሦስት ነገር ነው፦ ስትጫን ደህና እንደነበረች፣ ስትደርስ እንደተጎዳች፣ ጉዳቱ በገንዘብ ስንት እንደሆነ። ሁለቱን ያ ወረቀት ያስረዳልዎታል፤ ሦስተኛውን የጋራዥ ግምት። ነገር ግን አጓጓዡ በጽሑፍ ውል ተጠያቂነቱን በተወሰነ ገንዘብ ሊገድበው ስለሚችል፣ ከመፈረምዎ በፊት ትንንሾቹን ጽሑፎች ያንብቡ።

አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፣ የተወሰነ የገንዘብ መጠንም ይጠይቅ። ሕጉ ለማቅረብ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት ማስገባት ይሻላል። አጓጓዡ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ መክፈል፣ መደራደር ወይም መከልከል አለበት። በጽሑፍ ከከለከለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርድ ቤት ለመሄድ ቢያንስ ሁለት ዓመት አለዎት። ለራስዎ የመኪና ኢንሹራንስም አስቀድመው ደውለው በትሬለር ላይ እያለች ይሸፍናት እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱ ከውል ውል ይለያያል።

ሌላው የሚያጋጥመው፣ ሹፌሩ ደርሶ «ካልጨመርክ አላራግፍም» ማለቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ጠቅላላ ዋጋውና ለሹፌሩ የሚከፈለው ቀሪ የተጻፈበት፣ ከደላላው የተላከ ትእዛዝ ነው። አትመው ይያዙት። ካላመነ በዚያው ቆማችሁ ደላላው ዘንድ ይደወል፤ ደግሞ ለኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚቻል ይንገሩት።

ከደረሰች በኋላስ?

አዲሱ ስቴት የራሱን ታርጋ ይፈልጋል። ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ዋሽንግተን ስቴትና ቴክሳስ 30 ቀን ይሰጣሉ፣ ካሊፎርኒያ 20 ቀን ብቻ። ለምዝገባው የሚጠየቁት ታይትሉን ነው፤ በአውሮፕላን ይዘውት የሄዱት ወረቀት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በብድር የተገዛች ከሆነች ታይትሉ አበዳሪው ዘንድ ስላለ፣ መኪናዋ ገና ትሬለር ላይ ሳለች ደውለው ወደ አዲሱ ስቴት እንዲልኩት ይጠይቁ፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።